ባዬ ጥድፊያና የተከደነው እሳት

እሳት ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ወይ ሥጋ ጠብሶ አያውቅም፣ ወይ ሴት አስጠይቆ አያውቅም። ባዬ ሁለቱንም ሞክሯል። ሁለቱንም የሞከረው ግን በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በጥድፊያ። የጎንደር ሰው ቅጽል ሲያወጣ አይሳሳትምና «ባዬ ጥድፊያ» አለው፤ የአባቱን ስም የሚያስታውስ ሰው እስኪጠፋ ድረስም በዚሁ ተጠራ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። በወረራው ጊዜ ባዬ የአንድ መኮንን ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ይልጥ ነበር። ጣሊያን ተሸንፎ ሰው ከየግቢው ቆርቆሮ፣ ጎማና የሽቦ አልጋ ሲያግዝ፣ ባዬ በትከሻው ተሸክሞ የወጣው አንድ የብረት ርብራብ ብቻ ነው። ጎረቤቶቹ «ቤቱን ትቶ መስኮቱን ዘረፈ» ብለው ሳቁበት። እሱ ግን ከዚያ ርብራብ ሥር ፍም ሲደረግ፣ ከላዩ ሥጋ ሲጋደም ምን እንደሚሆን አይቷል። ፒያሳ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ጥብስ ቤት ከፈተ።

ጥብሱ፣ እውነቱ መነገር አለበት፣ ግሩም ነበር። ሽንጡን ስስ አድርጎ ይቆርጣል፤ ፍሙ ፊት የሚለበልብ ሲሆን ጣል፣ ገልበጥ፣ ጨው ነስነስ፣ አነሣ። ስቡ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ ቱስ ይላል፤ ነበልባሉ ብድግ ብሎ ሥጋውን ላስ ያደርገዋል፤ አለቀ። ደንበኛው ባርኔጣውን የሚሰቅልበት ሚስማር ሲፈልግ ጥብሱ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። እኔ በዚያ ዘመን አስተማሪ ነበርሁ፤ በሁለት ደወል መካከል ያለችውን አጭር የምሳ ሰዓት ከባዬ በቀር የሚያከብርልኝ ሰው አልነበረም።

ችግሩ ሕይወትንም እንደ ሽንጥ ስስ አድርጎ መቁረጡ ነበር። ትኩስ ነገር ሳይበርድለት ስለሚጠጣ ምላሱ ዓመት ሙሉ እንደ ተላጠ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም አይቆምም፤ እየሄደ ያማትባል። የንስሐ አባቱ ቄስ ወልደኢየሱስ «ባዬ ኃጢአቱን ተናዝዞ ሲጨርስ እኔ ገና መስቀሌን ከኪሴ አላወጣሁም» ይሉ ነበር።

ከጥብስ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የወይዘሮ እንኳየሁ ጠጅ ቤት ነበረ። እንኳየሁ ከአይከል ወዲያ ካለ መንደር የመጣች፣ ገና በጎልማሳነቷ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንድ ነገር ስትጠየቅ ጥያቄውን እንደ ጥንስስ ትንሽ ታስቀምጠዋለች፤ ሲደርስ ትመልሳለች። ጠጇም እንደዚሁ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ዳኛ ከነአጃቢዎቹ መጥቶ «ቅጂ!» ቢላት፣ «ነገ ይምጡ ጌታዬ፤ ዛሬ ገና ብርዝ ነው» ብላ መለሰችው ይባላል። ዳኛው ተቆጥቶ ወጣ፤ በማግስቱ ከሁሉ ቀድሞ መጣ።

የሞተው ባሏ አላምረው የሚባል የመተማ ነጋዴ ነበር። በክረምት በቅሎዎቹን ጭኖ ጓንግ ወንዝ ዳር ሲደርስ ውሃው ሞልቷል። ጓደኞቹ «እስኪጎድል እንቀመጥ» አሉ። እሱ «ገበያ ያመልጠኛል» ብሎ ገባ። ውሃው የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎደለ፤ ጓደኞቹ ከጉልበታቸው በላይ ሳይርሱ ተሻገሩ። እንኳየሁ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ተቀመጠች። ያች ግማሽ ቀን ከዚያ ወዲህ ከልቧ ወጥታ አታውቅም።

ባዬ ይህን ሁሉ ያውቃል። ቢያውቅም ወደዳት፤ የወደዳትም በአንድ ቀን ነው፤ ሌላማ ከየት ያመጣል? ጾም ባልሆነ ቀን ሁሉ አንድ ሳህን ጥብስ ከነትኩስነቱ ይዞ መንገዱን በሩጫ ይሻገራል። እሷ ትበላለች፤ ሳህኑን አጥባ ትመልሳለች፤ «ሸጋ ነው፣ አያ ባዬ» ትላለች። ከዚያ ያለፈ አንዲት ቃል የለም።

ጥምቀት አልፎ ቅበላ ሲቃረብ ባዬ አልቻለም። ሁዳዴ ከገባ ሠርግ የለም፤ ፋሲካ ደግሞ ለእሱ ከምጽአት ቀን እምብዛም አይቀርብም። ቄስ ወልደኢየሱስን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። የእንኳየሁም የንስሐ አባት ስለሆኑ መንገዱ አጭር ነው ብሎ ነበር ያሰበው፤ ባዬ ሁልጊዜ የሚያስበው ስለ አጭሩ መንገድ ነው።

እንኳየሁ ቄሱን አስቀምጣ፣ ጠጅ ቀድታ፣ ብርሌው እስኪጋመስ ጠበቀች።

«አባ፣ ባዬን አልጠላውም» አለች በመጨረሻ። «እጁም ሸጋ ነው፣ ልቡም ሸጋ ነው። ግን አንድ የሚቸኩል ባል ወንዝ በልቶብኛል። ሁለተኛ አልችልም።»

«እና እምቢ አለች ልበለው?»

«እምቢም አይበሉት። አባቴ አዳኝ ነበር። ቆላ ወርዶ አጋዘን ሲጥል ሥጋውን እሳት ላይ አይወረውረውም። ጉድጓድ ይቆፍርና እሳቱን ባንድ ወገን፣ ሥጋውን ባንድ ወገን አድርጎ በእርጥብ ቅጠልና በአፈር ይከድነዋል። ከጠዋት ጀምሮ እስኪበስል ንክች አያደርገውም። አብረውት ከወጡት ሰዎች ማን እንደሚቁነጠነጥ ያያል፤ የተቁነጠነጠውን ሁለተኛ ይዞት አይወጣም። ባዬም ክዳን ሳይከፍት አንድ ሥጋ ያብስልኝ። ለቅበላ ይሁን። ከበሰለ እዚያው ማዕዱ ላይ እሺ እላለሁ።»

ባዬ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንዲት ቃል ነው።

«ሥጋ? የጠየቀችኝ ሥጋ ነው? ኧረ አለቀ በሏት!»

«ክዳን ሳትከፍት ነው ያለችህ፣ ልጄ።»

«ክዳን ደግሞ ምን ይቸግራል?»

አባ ወልደኢየሱስ መስቀላቸውን አንሥተው ወጡ። የሰውን ልጅ ድካም ለብዙ ዓመት በጆሯቸው ሲሰሙ ኖረዋል።

ባዬ ወዲያው መንገዱን ተሻግሮ አሠራሩን ሊጠይቃት ሄደ። እሷም ብርሌ እያጠበች ነገረችው፤ ሰፊ ብረት ይሁን፣ እሳቱ ከአንደኛው ጫፍ፣ ሥጋው ከሌላኛው ጫፍ፣ ከሰሉ ላይ ጥቂት የወይራ እንጨት፣ ከላይ ክዳን።

«ሥጋው እሳቱን አያየውም» አለችው። «እሳቱም ሥጋውን አያየውም። ወሬያቸውን ብቻ ይሰማማሉ።»

«መቼ መቼ ነው የማገላብጠው?»

«አታገላብጠውም።»

«ታዲያ እኔ ምን እሠራለሁ?»

«ትቀመጣለህ።»

ባዬ በጣሊያን ጊዜ በጥፊ ተመትቷል፤ ታስሯል፤ ውሃ ተሸክሞ ሽቅብ ተነድቷል። እንደዚህ ያለ ከባድ ትእዛዝ ግን ተሰጥቶት አያውቅም።

የቤንዚን በርሜል አገኘና እሳት ለቆበት ሽታውን ካቃጠለ በኋላ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ወለቃ ወረደ፤ ወደ ወዳጁ ወደ ይባረክ። ይባረክ ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነ አንጥረኛ ነው፤ የጥብስ ቤቱን ቢላዎች የሚሠራውም የሚስለውም እሱ ነበር። ሁለቱ ለዓመታት ሲቀላለዱ የኖሩ ወዳጆች ናቸው። ይባረክ በርሜሉን በቁመቱ ሰንጥቆ ማጠፊያ አበጀለት፤ ግማሹ አልጋ፣ ግማሹ ክዳን ሆነ።

«ክዳኑ ላይ ትንሽ መስኮት አውጣለት» አለው ባዬ።

«ለበርሜል መስኮት? መጋረጃም ልጨምርልህ?»

«ለማየት ያህል ነው፣ ወንድሜ።»

«ሴትዮዋ አትይ አለችህ እኮ። ማየት ካማረህ እሷን እያት።»

አሁን ክዳኑን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እንኳየሁ ይህን ሳታስብበት አልቀረችም። አባ ወልደኢየሱስን ብትጠይቃቸው እጃቸውን አወዛወዙ፤ «ኧረ ልጄ፣ በቅበላ ቀን የሥጋ ሽታ አጠገብ አታስቀምጭኝ። ለራሴ ዋስ አልሆንም።» ቄሱ ጾመኛ ነበሩ፤ ስለዚህም ሥጋ ወዳድ ነበሩ። ሌላም ሰው ቢታሰብ ያው ነው፤ ቅበላ ዕለት ሥጋ አይቶ የማይጎመጅ ክርስቲያን በመላው በጌምድር አይገኝም።

«እንግዲያው ይባረክ ይጠብቀው» አለች እንኳየሁ።

ትክክል ነበረች። ይባረክ በሃይማኖቱ የእኛን ዕርድ አይበላም፤ እኛም የእሱን አንበላም። እሱ ቢራብም ያ ሥጋ ለእሱ ሥጋ አይደለም። ሰው ከሰው ይለያይበት ዘንድ የተሠራ አጥር አንዳንድ ቀን እንዲህ መደገፊያ ይሆናል፤ ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤ መጨረሻውን አላገኘሁትም። ይባረክም ተስማማ። «ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን አልመጣም ነበር። እሑድ ግን የእናንተ በዓል ነው፤ እኔ ምን ቸገረኝ!»

በቅበላ እሑድ ጠዋት ከቅርጫው የባዬ መደብ ፍሪምባና ወርች ሆነለት። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን በሬውን የተሸከሙ ሥጋዎች ናቸው። ሽንጥ የዋህ ነው፤ ፍም ሲያይ እጁን ይሰጣል። ፍሪምባን ግን በእሳት ብታስፈራራው ባሰበት፤ ጅማቱን ጨብጦ ይቆማል። የሚሸነፈው በምልጃ ነው፤ በለስላሳ ሙቀት፣ በጭስ፣ በረጅም ጊዜ። በርሜሉ ለአንዱ ብቻ ስለበቃ ባዬ ፍሪምባውን በጨውና በበርበሬ አሽቶ አስተኛው፤ ወርቿን ሜንጦ ላይ ሰቀላት። ክዳኑ ተዘጋ። ይባረክ ቆሎውን በኪሱ፣ ውሃውን በቅሉ ይዞ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጊዜው ከበቂ በላይ ነበር።

ባዬ ወለሉን ጠረገ። ጠረጴዛ ወለወለ። የተወለወለውን ደግሞ ወለወለው። ከዚያ መጥቶ በርሜሉ አጠገብ ቆመ።

«ትንሽ ልየው።»

«አይሆንም።»

«ቢሞትስ?»

«በሬው ጠዋት ሞቷል፣ ባዬ። ሁለተኛ አይሞትም።»

«አላየው፤ ላሽትተው ብቻ።»

«ጭሱ ያው እየወጣ አይደል? ቆመህ አሽትት።»

ይባረክ ክዳኑ ላይ ትልቅ ድንጋይ ጫነበት። ሆኖም ጠባቂም ሰው ነው፤ ወደ ጓሮ መውጣት አለበት። ሲመለስ ድንጋዩ ቦታውን ለውጧል፤ የባዬ ቅንድብም ተለብልቧል።

«ከፈትኸው?»

«ንፋስ ነው።»

«ድንጋይ የሚያነሣ ንፋስ?»

«የፒያሳን ንፋስ አታውቀውም።»

እንዲህ ሆኖ ዋለ። ይባረክ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ክዳኑ ብድግ ይላል፤ ክዳኑ ሲነሣም ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመው ሙቀት እልል ብሎ ወደ ጎዳናው ይወጣል። ይባረክ «እኔ ብረት ሳግል ወናፌን በየጊዜው ብተወው እስካሁን ማረሻ የሚባል ነገር አይኖርህም ነበር» ብሎ ቢመክረው፣ ባዬ «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» አለ። ሁለቱም ቸኩሎ የሚናገራቸው ቃላት ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አባ ወልደኢየሱስ፣ አለቃ ሐብተ ማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት፣ ለቁጥር ማሟያ ያህል ደግሞ እኔ። ለባዬ ፍሪምባ ቦታ እንተው ብለን በዚያ የቅበላ ቀን እህል ሳንቀምስ ነው የመጣነው። እንኳየሁ አንድ ጋን ጠጅ አስይዛ መጣችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጭሱ እጅግ ያማረ ሽታ ነበረው። ጠበቅን። ፀሐይ ወደ አይከል ጋራዎች አዘነበለች። ጠበቅን። አለቃ ሐብተ ማርያም ሆዳቸው ሲጮህ ሳል አስመስለው ለማለፍ ሞከሩ።

የሠርክ ደወል ሲሰማ አባ ወልደኢየሱስ ተነሡ።

«በሉ ልጆቼ፣ ነገ ቀዳሽ ነኝ። ከዚህ በኋላ እህል አይገባኝም። እግዚአብሔር ለፋሲካ ያድርሰን፤ ነገሩንም ያኔ እንጨርሰዋለን።»

ለፋሲካ! ባዬ ፊቱ ላይ የነበረው ደም የት እንደ ገባ አላውቅም። እንኳየሁን አየ፤ እሷም ታየዋለች። በርሜሉን አየ። ከዚያ፣ ሰው ወደ ለመደው እንደሚሮጥ፣ ክዳኑን በርግዶ ፍሪምባውን በባዶ እጁ ነጥቆ አወጣና አሮጌው ርብራብ ላይ፣ እንደ ልማዱ ሲያነድደው በዋለው ፍም አናት ላይ ጣለው።

«አሁን፣ አሁን! አባ፣ ይቀመጡ! አንዲት ደቂቃ!»

ስቡ እሳት ያዘ። ነበልባሉ ጣሪያ ሊነካ ደረሰ። ባዬ በጭስ ውስጥ እያሳለ ገለበጠው፣ አነሣው፣ ቆራርጦ አቀረበው። አባ ወልደኢየሱስ አንዱን ቁራጭ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፤ ላዩ ከሰል ሆኗል፣ መካከሉ ደም ያለቅሳል።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» አሉ። «ላዩ ሲኦል ወርዷል፤ ውስጡ ግን ነፍሱ ገና አልወጣችም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ያልሳቁት ሁለት ናቸው፤ ባዬና እንኳየሁ። እሷ ከጠርዙ ትንሽ ቆርሳ ለወጉ ያህል ቀመሰች፤ እጇን አበሰች።

«ክዳኑን ስንቴ ከፈትኸው፣ አያ ባዬ?»

«አንዴ።»

«ይባረክ?»

ይባረክ ጣሪያውን አየ። «እኔን ክዳን ጠብቅ አላችሁኝ እንጂ መስክር አላላችሁኝም።»

ባዬ የተለበለበ ቅንድቡን ዳበሰ። «አልቆጠርሁትም» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምተነው አናውቅም።

እንኳየሁ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ሜንጦው ላይ የተሰቀለችውን ወርች አየቻት።

«ያችን ነገ ለውሻ እንዳትሰጣት። ዛሬውኑ ዘልዝላት፤ ጨውና በርበሬ ንካት፤ በርሜሉ ውስጥ በተርታ ስቀላት። በየቀኑ ጥቂት የወይራ ጭስ ስጣት፤ ነበልባል ግን እንዳታሳያት። ለፋሲካ እቀምሳታለሁ።»

«በሁዳዴ? ሳልቀምሰው እንዴት አድርጌ አውቀዋለሁ?»

«አታውቀውም» አለችና ወጣች።

ባዬ ወደ ቄሱ ዞረ። «እምቢ ማለቷ ነው?»

«እምቢ ብትል ኖሮ ውሻው በልቶ ያድር ነበር» አሉት አባ፤ እየተቻኮሉ ወደ ሠርክ ጸሎታቸው ሄዱ።

ያ ሁዳዴ ለፒያሳ ሰው ጥሩ ጨዋታ ሆኖ አለፈ። ጥብስ ቤቱ የጾም ሽሮ እየሸጠ፣ በርሜሉ ከተዛወረበት ጓሮ የሥጋ ጭስ ይወጣል። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ከፍ አድርጎ «ባዬ፣ ጾሙን ባፍንጫህ ገደፍኸው?» ይለዋል። ነገሩ አሳስቦት አባን ሊጠይቅ ሄደ።

«አባ፣ ሽታ ጾም ይገድፋል?»

«ሽታ ባፍንጫ ነው የሚገባው። አንተ አፍህን ዝጋ።»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልማዱ አልለቀቀውም፤ እየከፈተ ያያል፣ በጣቱ ይጫናል፣ ጣቱን ሊልስ አፉ ድረስ ያደርስና ሁዳዴ መሆኑ ትዝ ሲለው ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ሱሪው ሁሉ በርበሬ ሆነ። ይባረክ ቢላ ሊስል ሲመጣ ሁለቱ በርሜሉ አጠገብ ይቀመጣሉ።

«ወይ ይባረክ! አንተ እንኳ ቀምሰህ ምን እንደሚመስል ብትነግረኝ።»

«ደስ ባለኝ ነበር። ለአንተ ጾም ነው፤ ለእኔ ሕግ ነው። ይህ ሥጋ ዕድሉ ሆኖ በሁለት ሃይማኖት መካከል ተሰቅሎ ቀረ።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

የጾሙ እኩሌታ ከሆነው ከደብረ ዘይት እሑድ ወዲህ ግን ደንበኞቹ አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ባዬ ተቀምጧል። ጓሮው ውስጥ፣ በርጩማ ላይ፣ እጁን አገጩ ሥር አድርጎ፣ ከበርሜሉ ቀዳዳ የሚወጣውን ቀጭን ጭስ ያያል። «ባዬ ታሟል» የሚል ወሬ ፒያሳን ዞረ፤ አንዲት ሴትም ጠበል ይዛለት መጣች። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ እሳቱን አጠፋ፤ በርሜሉን በገመድ ጠምጥሞ አሰረው፤ ያን ሳምንት ሲሰግድ ሰነበተ እንጂ አጠገቡም አልደረሰ። ገመዱን እሰር ያለው ሰው አልነበረም። እንኳየሁ ከመንገዱ ማዶ ሆና ይህን አይታለች፤ ምንም አላለችም፤ እሷ መቼ ቶሎ ትልና!

በፋሲካ ማግስት በእንኳየሁ ቤት ተሰበሰብን። ሁላችንም ከፋሲካው ሌሊት ጀምሮ እርጥብ ሥጋ ስንበላ ያደርን ሰዎች ነን፤ ዶሮው፣ በጉ፣ ቅርጫው። ባዬ ክዳን ባለው ሙዳይ የያዘውን አቀረበ። ተከፈተ። ጥቁር፣ የተጠማዘዘ፣ ደረቅ ነገር ታየ።

አባ ወልደኢየሱስ አንዷን ዘለላ በሁለት ጣታቸው አንጠለጠሏት። «ባዬ፣ ይህ ምንድን ነው? የበቅሎ ጠፍር አመጣህልን?»

«ወርቿ ናት፣ አባ።»

«ነፍስ ይማር!»

እንኳየሁ አንዷን ዘለላ ቆርሳ አፏ አደረገች። ማኘክ ጀመረች። ታኝካለች። ያ ሥጋ በቀላሉ የሚሸነፍ አልነበረም፤ እሷም በቀላሉ የምትተው አልነበረችም። በግራ አኘከች፤ በቀኝ አዞረችው። ዓይኗን ጨፈን አደረገች። ባዬ በጋቢው ውስጥ እጆቹን እየጨመቀ ነው፤ ግንባሩ ወዛ። አሁንም ታኝካለች። አለቃ ሐብተ ማርያም አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሳያደርሱ አልቀሩም። በመጨረሻ ባዬ ከመቀመጫው ፈንጥሮ ተነሣ።

«ኧረ እንኳየሁ፣ በፈጠረሽ! ወይ ዋጪው ወይ ትፊው!»

ሳቁ ጎዳናው ድረስ ተሰማ። እንኳየሁ ራሷ ሳቅ አሸንፏት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እንደ ምንም ብላ ዋጠችው።

«ሁዳዴን ሙሉ የቻለ ሰው በአንዲት ጉርሻ ተሸነፈ?» አለችው።

«ሁዳዴው አይደለም፤ ጉርሻሽ ነው የረዘመብኝ!»

እሷ አፏን ጠረገች። «ጨው በዝቶበታል» አለች።

ባዬ ቁጭ አለ፤ እንደ ወደቀ ዕቃ። እሷ ግን እጇን ወደ ሙዳዩ ሰደደች፤ ሁለተኛ ዘለላ አነሣችና ከሁለት ቆርሳ እኩሌታውን ለእሱ ሰጠችው። አባ ወልደኢየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ምን ትጠብቃላችሁ? ጨው በዝቶበታል ብላ የደገመች ሴት ምን ማለቷ እንደሆነ ለማወቅ ቅኔ ቤት መግባት አያሻም።» ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ ተጋቡ።

ባዬ ተለወጠ ወይ ብትሉኝ፣ አልተለወጠም። ሰው የተፈጠረበትን እሳት የሚያጠፋ አይመስለኝም፤ ቢበዛ ክዳን ይበጅለታል። ጥብስ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ሁለት እሳት ነበረው፤ ከፊት ርብራቡ፣ ከጓሮ በርሜሉ። የቸኮለ ከፊት፣ ጊዜ ያለው ከጓሮ ይበላል። ከፊት ባዬ ይገዛል፤ በጓሮ እንኳየሁ። እሱ ወደ ጓሮ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ አሁንም አሁንም ግን ቅንድቡ ተለብልቦ ይታይ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የነገረኝ አብሯቸው የተጓዘው ይባረክ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ባልና ሚስት ዘመዶቿን ለማየት ከአይከል ወዲያ ወረዱ፤ ይባረክም ማረሻና ማጭድ ጭኖ ወደዚያው ገበያ ይሄድ ነበር። ጓንግ ሲደርሱ እንደ አላምረው ጊዜ ሞልቷል። ባዬ እንደ ደረሰ ጫማውን አወለቀ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። እንኳየሁ ፊቷን ወደ በቅሎዋ አዙራ የኮርቻውን መቀነት ማጥበቅ ጀመረች፤ መቀነቱ አልላላም ነበር።

ባዬ ውሃውን አየ። ጀርባዋን አየ። ሱሪውን መልሶ አወረደና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«አንተ ውሃ» አለው ወንዙን፣ «ምነው፣ ሌላ ሥራ የለህም?»

እንዲህ እየሰደበው ረፈደ። እጁ ግን መቀመጥ አልሆነለትም። አጠገቡ ካለ ማሳ የበቆሎ እሸት አስፈቅዶ አመጣ፣ ጭራሮ ለቃቀመ፣ እሳት አነደደ፤ ነበልባሉ ሳይበርድ እሸቱን ወረወረበት፣ ገለበጠው፣ አወጣው። የመጀመሪያዋን ለእንኳየሁ ሰጣት። ላይዋ አሯል፤ ውስጧ ጥሬ ነው፤ ወተቷ ገና ይፈሳል።

ይባረክ እንደሚለው እንኳየሁ እሸቷን አገላብጣ አየቻት፤ ከዚያ የሚጋልበውን ውሃ አየች፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሁለተኛዋን እሸት የሚያሳርረውን ባሏን። አንዲት ፍሬ ሳታስቀር ግጣ በላቻት። ውሃው የጎደለው ከሰዓት በኋላ ነው።